ኔትወርኩ ከመግባቱ በፊት

ቄስ እንግዳው የሰውመሆንን ሞት የሰሙት በፍልሰታ ጾም፣ ከቅዳሴ ወጥተው ጫማቸውን እያጠለቁ ሳለ ነው። ስልካቸው ጠራ። ደዋዩ ያየህ የሚባል፣ ከሰውመሆን ጋር መተማ በረሃ ወርዶ ሰሊጥ ሲያርም የከረመ ጎልማሳ ነበር። መጀመሪያ ስማቸውን አረጋገጠ፤ ቀጥሎ ብቻቸውን መሆናቸውን ጠየቀ። ይህን ጊዜ ነገሩ ገባቸው፤ ሠላሳ ዓመት በክህነት የኖረ ሰው እንዲህ ያለውን ጥያቄ ያውቀዋል።

"ወባ ነው አባ፣ ሦስት ቀን እንኳ አላስተኛውም" አለ ያየህ። "እዚሁ ካለችው ቤተ ክርስቲያን ቀበርነው። ብርድ ልብሱና ስልኩ እኔ ዘንድ ናቸው። ለእናቱ ብደውል ብደውል አልሠራ አለኝ። የእርስዎን ቁጥር ከወረታ ልጆች ለምኜ ነው ያገኘሁት።"

"እንኳንም አልሠራልህ" አሉ ቄሱ። እንዲህ ማለታቸው ለራሳቸውም ገረማቸው።

ስልኩን ዘግተው ግንቡን ተደግፈው ቀሩ። ሰውመሆንን ያጠመቁት እሳቸው ናቸው፤ ዳዊት የደገመው እሳቸው እግር ሥር ቁጭ ብሎ ነው። እናቱ ይርገዱ ባሏን ቀብራ በዚህ ልጅና በእኅቱ በማስተዋል የኖረች ሴት ናት። ማስተዋል አንበሳሜ ከተማ አግብታ ሄዳለች። እንግዲህ ለይርገዱ በቤቷ የቀራት ይህ አንድ ልጅ ነበር፤ እሱም ሰኔ ላይ ለሥራ ወረደ፣ በነሐሴ አፈር ገባ። ቄሱ ዕንባቸው መጣ፤ ጾመኛ ሰው ሲያለቅስ እንዳይታይ ነጠላቸውን ተሸፋፍነው ወደ አያ መንግሥቴ ቤት ሄዱ። አያ መንግሥቴ የይርገዱ ታላቅ ወንድም ነው።

በዚህ አገር መርዶ በስልክ አይነገርም። በገበያ አይነገርም፣ በማሳ አይነገርም። ዘመድ ይሰበሰባል፣ ጎሕ ሲቀድ፣ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ ካህንና ሽማግሌ ይሄዳሉ። ጉልበት ያላቸው ሴቶች በግራ በቀኝ ይቆማሉ፤ ሐዘንተኛዋ ራሷን እንዳትጥል የሚይዟት እነሱ ናቸው። ብቻዋን ሳለች መርዶ የሰማች እናት አእምሮዋን ትስታለች ይባላል። ቄስ እንግዳው ይህን ከልባቸው ያምናሉ። በልጅነታቸው አንዲት ሴት ወንዝ ዳር የባሏን ሞት ከመንገደኛ ሰምታ እስከ ዕለተ ሞቷ ከወንዙ አልመለስ እንዳለች በዐይናቸው አይተዋል።

"አሁን አይሆንም" አለ አያ መንግሥቴ፣ እሱም ካለቀሰ በኋላ። "የርብ ወንዝ ሞልቷል። ሜዳው ሁሉ ውሃ ነው፤ ዘመድ በታንኳ ካልሆነ በምን ይመጣል? ደግሞ ማስተዋል ወሯ ገብቷል። ለነፍሰ ጡር መርዶ ይነገራል?"

"ለእናቲቱ ብቻ ብንነግርስ?"

"ለእናት ነግረን ለእኅት ደብቀን የት ያዘልቀናል አባ። ትውለድ፣ የልጁም ክርስትና ይነሣ። ከዚያ እናትና ልጅ ባንድ ጧት ይስሙት፤ ተያይዘው ያልቅሱ።"

ቄሱ በመስማማት ራሳቸውን ነቀነቁ። ምክሩ የደግ ሰው ምክር ነበር፤ ዛሬም ቢሆን በዚያች ቀን የተሻለ ነገር ይታሰብ ነበር የሚል ሰው ካለ እዚያ ስላልነበረ ነው። ክፋቱ ያለው ምክሩ በሁለት ሰው መካከል ባለመቅረቱ ነው። አያ መንግሥቴ ለሚስቱ ነገረ፣ ሚስቱ ለእኅቷ ነገረች፣ እየተማማሉ እየተገዘቱ ወሬው ጓዳ ለጓዳ ዞረ። መስቀል ከመድረሱ በፊት ዋርካ ማርያም የሚባለው አጥቢያ በሙሉ፣ ከአንዲት ሴት በቀር፣ ሰውመሆን መሞቱን አወቀ። መቼም አገር ምስጢር ሲይዝ ጉድ ነው፤ ከመቶ ቤት አንድ እንኳ አፉን ያላዳጠው የለም፣ ለእሷ ብቻ ሲሆን ግን ሁሉም ተጠነቀቀላት።

እሷ ደግሞ ልጀ አልደውል አለኝ ብላ ነው የምትጨነቀው።

የስልኩ ነገር እንዲህ ነው። በደብሩ ግቢ ጥግ፣ ጎርፍ በማይደርስበት ጉብታ ላይ፣ ከዓመታት በፊት አንዱ የስልክ ኩባንያ የተከለው ታወር አለ። የቄሱም የአያ መንግሥቴም ስልክ በዚያ ይሠራል። ሰውመሆን ግን ወደ በረሃ ሊወርድ ሲል ወረታ ላይ የሌላኛውን ኩባንያ ሲም አወጣ፤ በዚያ ሰሞን ለአንድ ሲም አንድ ይመርቁ ነበርና አንዱን ለራሱ፣ አንዱን ለእናቱ አደረገው። ማንበብ ስለማትችል "ሁለት ቁጥርን ተጭነሽ ያዥው፣ እኔ ነኝ" ብሎ አስተማራት። የዚህኛው ኩባንያ ኔትወርክ ወረታ ከተማ አለ፤ ዋርካ ማርያም ግን ሳይደርስ ይጠፋል። ስለዚህ ተቀጣጠሩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ትወጣለች፣ የደብረ ታቦሩ መንገድ በሚገነጠልበት፣ ባጃጆች ከሚቆሙበት አጠገብ ትቆማለች፣ እሱ ይደውላል። ሁለት ቅዳሜ አወሩ። በሦስተኛው ጎርፉ መጣና መንገዱን ዘጋው።

ውሃው ሲጎድል ደጋግማ ወረታ ወጣች። ብቻዋን ግን አልሄደችም፤ የአያ መንግሥቴ ሚስት "እኔም ጨው እገዛለሁ" እያለች ተከተለቻት፤ አንድ ሰው ደውሎ ክፉ እንዳያሰማት ስልኩን ተቀብላ እንድትይዝላት ተመክሮ ነው። ይርገዱ ደወለች፤ የተደወለለት ስልክ ጥሪ አይቀበልም አላት። ቄሱ ዘንድ ሄዳም በእሳቸው ስልክ አስደወለች። እሳቸውም እንደማይነሣ እያወቁ ቁጥሩን አንድ በአንድ ነክተው ደወሉላት፣ ጆሯቸው ላይ አድርገው ጠበቁ፣ "አይሠራም" ብለው መለሱላት። በዚያን ቀን ምሳ አልቀመሱም።

ጥቅምት መግቢያ ላይ በላይነህ የሚባል ወጣት ኢንጂነር ከባሕር ዳር መጣ፤ የሰውመሆን ሲም የወጣበት የዚያ የሁለተኛው ኩባንያ ሰው ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ዋርካው ጥላ ሥር እንደተቀመጠ ቆሞ ተናገረ።

"አዲስ ታወር አንተክልም። የቆመውን እንጋራለን፤ ከባለቤቱ ኩባንያ ጋር ተስማምተናል። ከእናንተ የምንፈልገው ባትሪና መሣሪያ የሚቀመጥበት፣ ከታወሩ ሥር ሦስት በአራት ሜትር ቦታ ብቻ ነው። መሬቱ የቤተ ክርስቲያን ስለሆነ የሰበካ ጉባኤው ማኅተም ያስፈልገናል።"

ሰው ደስ አለው። ወጣቶቹ አጨበጨቡ። ማኅተሙ ያለው ግን የደብሩ ቄሰ ገበዝ በሆኑት በቄስ እንግዳው ሣጥን ውስጥ ነው። እሳቸው የበላይነህን ንግግር እየሰሙ የሚያስቡት ሌላ ነበር። ማስተዋል ከወለደች ገና ሳምንቷ ነው፤ ወንድ ነው፣ ክርስትናው በአርባ ቀኑ ኅዳር ስምንት ይውላል። ይህ ነገር አሁን ከተከፈተ የይርገዱ ስልክ ከመቀነቷ ጫፍ ላይ ሆኖ ሊጮኽ ነው። መተማ ያለ የአገር ልጅ ሁሉ፣ ጎንደር ያለ ዘመድ ሁሉ፣ የሰማና መርዶ የተነገራት የመሰለው ሁሉ "እግዚአብሔር ያጽናሽ" ሊላት ነው፤ ውሃ ስትቀዳ፣ አረም ስትነቅል፣ ማንም በሌለበት።

"ወረዳ ቤተ ክህነት መጠየቅ አለበት" አሉ። "ባንድ ቀን የሚሆን አይደለም።"

ጉምጉምታ ተነሣ። ያኔ ይርገዱ ከሴቶቹ መካከል ብድግ አለች።

"እኔ በጉባኤ መናገር አለመድሁም፣ ይቅር በሉኝ" አለች። "ግና ይህ ብረት ዛሬ አልቆመ። አንዱን የተሸከመ ሁለተኛውን ቢሸከም ምን ይከብደዋል? ልጀ ከበረሃ ወደ ከተማ ሲወጣ ይደውልልኝ ይሆናል፤ እኔ እዚህ ነኝ። እኔ ወረታ ወጥቸ ስደውል እሱ በረሃ ነው። እንዲሁ ስንተላለፍ ክረምቱ አለቀ። ቤቴ ቁጭ ብየ አንድ ቀን ባገኘኝ ብየ ነው እንጅ ሌላ ምን ጉዳይ አለኝ።"

ያ ሁሉ ሰው አቀረቀረ። አጨብጭበው የነበሩት ወጣቶች እንኳ ጣታቸውን ያዩ ጀመር። ይርገዱ ዝምታቸውን እንደ ድጋፍ ቆጠረችውና "እግዜር ይስጥልኝ" ብላ ተቀመጠች። ቄስ እንግዳው ግን ማኅተሙን አላወጡም።

ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ሙሉ ምክንያት ደረደሩ። ዛሬ በዓል ነው፣ ነገ ጸሐፊው የለም፣ ከነገ ወዲያ ደብዳቤው አልተመለሰም። ምክንያቱን የማያውቅ ከሩቅ አጥቢያ የመጣ ሰው ሁሉ ቄሱ ታወሩን የሰይጣን ሥራ ነው ይላሉ እያለ ተሳለቀባቸው፤ እሳቸውም አላስተባበሉም። ስድቡን እንደ ንስሐ ቆጠሩት። ይርገዱ ግን ደጅ መጥናቱን አልተወችም። በወሩ በዐሥራ ሁለት፣ በሚካኤል፣ ጧፍ ይዛ ቤታቸው መጣች።

"ይችን ለሰውመሆን ጤና ያብሩልኝ አባቴ።"

ተቀበሏት። የአርባውን ፍትሐት ለልጁ ካደረሱ ሦስት ሳምንት አልፏል፤ በር ዘግተው፣ ከሁለት ካህናትና ከአያ መንግሥቴ በቀር ማንም ሳይሰማ ነበር። ለሕያው የተሰጠ ጧፍ ለሙት ይበራ እንደሆነ የሚነግራቸው መጽሐፍ ትዝ አላላቸውም።

"ሰው ስለ እርስዎ ብዙ ያወራል" አለች ይርገዱ፣ ከደጃፉ ድንጋይ ላይ እየተቀመጠች። "እኔ አልሰማቸውም። እርስዎ ራስዎ ስልክ ይዘው የለ? ምን በድየዎ ነው ግን? የቅዱስ ሚካኤልን ዝክር አጓድየ እንደሁ ይንገሩኝ።"

"ምንም አልበደልሽኝ ልጀ።"

"ታዲያ ለምን ይከለክሉኛል?"

ነገሩ አፋቸው ላይ ደርሶ ነበር። ያን ጊዜ ቢናገሩት ኖሮ ቤታቸው ውስጥ ነበረች፤ ሚስታቸው ንግሥቲ ጓዳ ነበረች፣ ጎረቤት በአንድ ጥሪ ይደርስ ነበር። ግን አርባ ቀን ያልሞላት አራስ ታሰበቻቸው፣ ከአያ መንግሥቴ ጋር የተማከሩት ታሰባቸው፣ ደግሞ እውነቱ ይነገር ከተባለ ፈሩ። ይህችን ሴት ዐይኗን እያዩ መናገር አልቻሉም። "ታገሽ፣ ይፈቀዳል" ብለው ሸኟት። ንግሥቲ ከጓዳ ወጥታ "ምነው በነገሯት" አለቻቸው።

በጥቅምት ማለቂያ በላይነህ ተመልሶ መጣ። የበፊት ትሕትናው ግን አልቆ ነበር። "አባ፣ በዚህ ሳምንት ካልተፈረመ መሣሪያው የጉማራን ወንዝ ተሻግሮ ለሌላ ቀበሌ ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ ለዓመታት ተራ አይደርሳችሁም" አላቸው። ሕዝቡም ተቆጣ። ምስጢሩን የሚያውቁት ራሳቸው "በአንድ ቤት ሐዘን ምክንያት አገር ሁሉ ይጎዳ እንዴ" ይሉ ጀመር። ቄሱ ማኅተሙን አወጡ፤ ከመምታታቸው በፊት ግን በላይነህን ወደ ጥግ ወስደው ለመኑት።

"ሥራችሁን ሥሩ። ግን ከኅዳር ዐሥራ አምስት በፊት እንዳትከፍቱት። ምክንያት አለኝ።"

"አይዞዎት፤ እንኳን ያኔ፣ ከዚያም ይዘገያል። አገልግሎቱ የሚጀመርበትን ቀን መጥቼ እነግርዎታለሁ" አለ በላይነህ። ቅን ልጅ ነው፤ ምክንያቱንም አልጠየቀም። ቄሱም አልነገሩትም። ለማያውቁት የከተማ ልጅ ማን ይህን ያህል ጓዳውን ይከፍታል።

ከዚያ ሁሉም ነገር ተስተካከለ። ክርስትናው እሑድ አንበሳሜ ይነሣል፤ ይርገዱ ቅዳሜ ሄዳ ሰኞ ከነልጇ ከነልጅ ልጇ ትመለሳለች። ማክሰኞ ጎሕ ሲቀድ መርዶው ይነገራል። ጎንደር ላሉትም፣ ጋይንት ላሉትም ዘመዶች ተላከባቸው። በግራ በቀኝ የሚይዟት አራት ሴቶች ተመረጡ። ቄሱ የሚናገሩትን ቃል ሌት ተቀን ያወጡ ያወርዱ ነበር፤ ከኢዮብ የትኛውን እንደሚያነሡ፣ የትኛው ላይ ቆም እንደሚሉ ጭምር ለይተው አስቀምጠውታል።

ዐርብ ረፋዱ ላይ፣ ማክሰኞ ሊደርስ አራት ቀን ሲቀረው፣ ቄስ እንግዳው ከግቢው ውስጥ ሆነው ከታወሩ ላይ ሁለት ሠራተኞች ሲወርዱ አዩ። አንደኛው ቀበቶውን ሳይፈታ ስልኩን አውጥቶ ጆሮው ላይ አደረገና "አዎ፣ በደንብ ይሰማል፣ አራቱም የኔትወርክ መስመር ሞልቷል" አለ። በላይነህ አጠገቡ ቆሞ ይስቃል።

ቄሱ ክው አሉ። "ተከፈተ እንዴ?"

"የለም አባ፣ ለሙከራ ብቻ ነው። አንድ ሰዓት ያህል አብርተን እንዘጋዋለን። አገልግሎት የሚጀምረው እንዳልኩዎት ነው።"

"ሲሙ ያለው ሰው አሁን ቢደውል ይሠራለታል?"

"አሁንማ ይሠራል።"

"ዝጋው። ባለህበት አሁኑኑ ዝጋው ልጀ።"

በላይነህ ፊታቸውን አይቶ ደነገጠ፤ "ባሕር ዳር ነው የሚዘጋው፣ ልደውልላቸው" እያለ ስልኩን ሲያወጣ ቄሱ አልጠበቁትም። ካህን አይሮጥም፤ የሚሮጥ ካህን ያየ ሰው ቤተ ክርስቲያን የተቃጠለ ይመስለዋል። ቄስ እንግዳው በስልሳ ዓመታቸው፣ ጥምጥማቸው በአንገታቸው ላይ እየተፈታ፣ ከጉብታው ቁልቁል ወደ ሩዙ ሜዳ ሮጡ። ውሃው ከሸሸ ሰነባብቷል፤ ማሳው ግን ከሥሩ ገና ጭቃ ነው። አንድ ጫማቸው ተቀርቅሮ ቀረ። ያልታጨደውን ሩዝ በደረታቸው እየከፈሉ፣ "እመቤቴ፣ አንድ ሰዓት ብቻ፣ እባክሽ አንድ ሰዓት ብቻ ስልኩን እንዳታየው አድርጊ" እያሉ ሄዱ።

የይርገዱ ሩዝ በዚያ ቀን በወንፈል እየታጨደ ነበር። ሃያ የሚሆኑ ወንዶችና ሴቶች ከማሳው ወዲያ ጫፍ ተደርድረው አጎንብሰዋል። እሷ ግን ከእነሱ ርቃ፣ ከተከመሩት ነዶዎች አጠገብ ብቻዋን ቆማ ነበር፤ ማጭዷን ከእግሯ ሥር ጥላዋለች። በላስቲክ የተጠቀለለው ስልክ ከኩባንያው በመጣ መልእክት ጮኾ ነበር። ከዚህ ሜዳ ላይ ጮኾ አያውቅም። መልእክቱን ማንበብ ባትችልም ምን ማለት እንደሆነ ገብቷታል። ሁለት ቁጥርን ተጭና ይዛ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጋለች።

ቄሱን ስታያቸው ጭቃቸውንም፣ የወለቀ ጫማቸውንም አላየችም። ፊቷ በርቶ ነበር። ቄሱ እንዲህ ያለ ፊት ከሠርጓ ቀን ወዲህ አይተውባት አያውቁም።

"አባቴ፣ ይጠራል" አለች። "ከሐምሌ ወዲህ ዛሬ ገና ጠራ። ይስሙት፣ ይስሙት።"

ስልኩን ወደ ጆሯቸው አስጠጋችላቸው። እውነት ነው፣ ይጠራል። ያየህ በዚያ ሳምንት ከበረሃ ተመልሶ፣ ስልኩን ለቤተሰቡ ሊያስረክብ ብሎ ባትሪ እንደሞላው ኋላ ላይ ነው የሰሙት። ያን ጊዜ ያወቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስልኩ የበራ ከሆነ የሚያነሣው ሰው አለ፣ ያ ሰው ደግሞ ሰውመሆን አይደለም።

"ዝጊው ይርገዱ።"

"እንዴት ይዘጋል? ሥራ ላይ ሆኖ ነው እንጅ አሁን ያነሣዋል።"

"አያነሣውም። ልጀ፣ ስሚኝ፤ ሰውመሆን ዐርፏል። በነሐሴ ነው፣ ወባ ነው።"

ኢዮብን አላነሡም። ሌት ተቀን ያዘጋጁት ቃል አንዱም አልመጣላቸውም። ጥሪው ቆመ፣ ከስልኩ ውስጥ የሌላ ሰው ድምፅ "ሀሎ? እማማ፣ እርስዎ ነዎት?" አለ። ይርገዱ ስልኩን አየችው። ሳትዘጋው፣ ከነዶው ላይ እንዳይወድቅ አድርጋ በቀስታ አስቀመጠችው። ከዚያ ጭቃው ላይ ተቀመጠች፣ ጩኸቷ ያኔ ወጣ።

ወንፈለኞቹ ማጭዳቸውን እየጣሉ ሮጡ። አንዲት ሴት ከግራ፣ አንዲት ከቀኝ መጥተው ክንዷን ያዟት፤ ለማክሰኞ ከተመረጡት መካከል ናቸው። አያ መንግሥቴ ራሱን በሁለት እጁ ይዞ ተንበረከከ። ቄስ እንግዳው በዚያ ሁሉ መካከል ትንሽ እፎይ እንዳሉ ኋላ ለንስሐ አባታቸው ተናግረዋል፤ ከስልክ አልሰማችውም፣ ብቻዋንም አይደለችም፣ እንደ ወጉ ሰው ይዟታል ብለው። ሴቶቹ ደረታቸውን እየመቱ ማልቀስ ጀመሩ።

"ወየው ሰውመሆን፣ ወየው የኔ ለጋ" እያሉ ነበር የሚያለቅሱት።

የይርገዱ ጩኸት ተቋረጠ። ቀና ብላ የያዟትን ሁለት ሴቶች አየች። ወንድሟን አየች። የከበቧትን ሃያ ሰዎች አንድ በአንድ፣ ጊዜ ወስዳ ፊታቸውን አየች። ነዶው ላይ ካለው ስልክ ብቻ ያ ድምፅ "ሀሎ፣ ሀሎ" ይላል።

"ማን እንደሞተ ማን ነገራችሁ?" አለች። "እኔ ገና አልነገርኋችሁም።"

አያ መንግሥቴ ወደ መሬት አየ። ቄስ እንግዳው "ልጀ፣ እኛ እንኳ ለአንቺ ብለን" ብለው ጀመሩና ማለቂያውን አጡት።

ይርገዱ ክንዷን የያዙትን እጆች አንዱን በግራ፣ አንዱን በቀኝ፣ ከላይዋ ላይ አነሣቻቸው። ተነሣች፣ ነጠላዋን አዘቀዘቀች፣ ወደ ቤቷ የሚወስደውን ድንበር ይዛ ሄደች። ሴቶቹ ሊከተሏት አንድ እርምጃ ተራመዱ፤ ዞር ብላ ስታያቸው ቆሙ። በዚያ ሜዳ ላይ የልጇን ሞት ያልሰማ አንድም ሰው አልነበረም፤ እሷ ግን ብቻዋን እያለቀሰች ሄደች፣ የሚይዛትም አልነበረም።